ምዕራፍ 9፦ ቀጭኑ ግድግዳ

ሁለት ውሃና አንድ ሸንተረር

አርባ ምንጭ ሴቻ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ተዘርግተው ይታዩታል። በግራ በኩል ያለው አባያ ወንዞች ያወረዱለትን ደለል ተሸክሞ ቀላ ይላል፤ በቀኝ ያለው ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የሚለያቸው የአገሩ ሰው «የእግዜር ድልድይ» የሚለው ሸንተረር ነው። የአባያ ወለል ከጫሞ ወለል ከፍ ስለሚል፣ ሸንተረሩ አንድ ቦታ ላይ ቢደረመስ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ጥያቄ የለውም። ቀዩ ወደ ሰማያዊው ይወርዳል።

በሰው ሆድ ውስጥም እንዲህ ያለ ቦታ አለ። በአንድ ወገን ከልብ ተነሥቶ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ ይገኛል፤ በሌላ ወገን አንጀት። አኦርታ ውስጥ ያለው ደም ጀርም የሌለበት ሲሆን ግፊቱ ብርቱ ነው። አንጀት ውስጥ ያለው ግፊት ከዚያ በእጅጉ ያንሳል፤ በአንጻሩ ባክቴሪያ የሞላበት ነው። ሁለቱን የሚለየው ሥጋ በጥቂት ሚሊ ሜትሮች የሚለካ ነው። ይህ ግድግዳ ከተቀደደ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል፦ ደም ወደ አንጀት ይፈሳል፣ ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል። እንዲህ ያለው ቀዳዳ በጤነኛ ሰው ላይ የሚፈጠረው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። አኦርታቸው አብጦ በቀዶ ጥገና በተጠገነላቸው ሰዎች ላይ ግን፣ ብርቅ ቢሆንም፣ ሐኪም ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው። አኦርታው የተጠገነለት ሰው ደም ካስታወከው ወይም ሰገራው ውስጥ ደም ከታየ፣ ደሙ ጥቂት ቢሆንም፣ ቢቆምም እንኳ፣ ሌላ ምንጭ እንዳለው በማስረጃ እስኪታወቅ ድረስ ከአኦርታው እንደ መጣ መቆጠር አለበት።

የምናውቀው ቃል

የዚህ ቀዳዳ የሕክምና ስም ፊስቱላ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ቃል የማያውቅ ጥቂት ነው፤ የምናውቀው ግን በወሊድ ምክንያት ከሚመጣው ጉዳት ጋር አያይዘን ነው። ካተሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጥተው በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከመሠረቱ ወዲህ፣ ይርጋዓለምን ጨምሮ ቅርንጫፎቹ በየክልሉ ተከፍተው፣ ቃሉ የአማርኛ ያህል ተለምዷል። ፊስቱላ ግን የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ሊገናኙ በማይገባቸው ሁለት የአካል ክፍሎች መካከል ለሚከፈት ማናቸውም ያልተፈለገ መተላለፊያ የሚሰጥ ስም ነው።

የወሊዱ ፊስቱላ እንዴት እንደሚፈጠር ማስታወስ የአኦርታውን ለመረዳት ይረዳል። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት በአንድ ወገን፣ የእናቲቱ የዳሌ አጥንት በሌላ ወገን ሆነው በመካከላቸው ያለውን ስስ ሥጋ ይጫኑታል። የተጫነ ሥጋ ደም አይደርሰውም፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል፤ የሞተው ሥጋ ከቀናት በኋላ ይወድቅና ቀዳዳው ይቀራል። ስለት የለም፣ ጥይት የለም። ፋታ የማይሰጥ ጫና ብቻውን ሥጋን ይበሳል። የአኦርታው ፊስቱላም በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ በቀናት የሚሆነው እዚህ ዓመታት መፍጀቱ፣ የሚጫነውም ዕቃ ሰው የሠራው መሆኑ ነው።

በጨርቅ ውስጥ የሚሄድ ደም

በምዕራፍ 7 ስለ አኒዩሪዝም፣ ማለትም ስለ ደም ቧንቧ ማበጥ፣ ስናወራ ሆድ ውስጥ ያለው አኦርታ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል እንደሆነ፣ 3 ሲደርስ አብጧል እንደሚባል፣ በወንዶች 5.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሞላ ደግሞ የመፈንዳቱ አደጋ ከቀዶ ጥገናው አደጋ እንደሚበልጥ አይተናል። አልበርት አይንስታይን በ1948 አኦርታው በሴሎፋን ተጠቅልሎለት እንደነበረና ሚያዝያ 1955 ፈንድቶ እንደ ሞተም ተነሥቷል። እዚያ ያቆምነው ጥገናው ዘመናዊ መልኩን ሊይዝ ሲል ነበር።

መጋቢት 1951 ፓሪስ ውስጥ ሻርል ዱቦስት ያበጠውን ክፍል ቆርጦ አውጥቶ በምትኩ ከሞተ ሰው የተወሰደ አኦርታ ሰፋ። ሥራው ተሳካ፤ ይሁን እንጂ ከሞተ ሰው የሚወሰደው ቧንቧ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየደረቀና እየላላ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ። መፍትሔው ያልታሰበው ጨርቅ ሆነ። አሜሪካዊው አርተር ቮርሂስ በ1947 በአንድ ውሻ ልብ ውስጥ ተረስቶ የቀረ የሐር ክር በለስላሳ ሥጋ ተሸፍኖ አገኘ፤ ሰውነት ክርን እንዲህ ከሸፈነ የጨርቅ ቧንቧንም ይሸፍናል ብሎ አሰበ። ብዙም ሳይቆይ ማይክል ደበኪ ሂዩስተን ውስጥ ዳክሮን የሚባለውን የፖሊስተር ጨርቅ ከሱቅ ገዝቶ በልብስ ስፌት መኪና ቧንቧ አድርጎ ሰፋው። ዛሬም ሐኪሞች ግራፍት የሚሉት ሰው ሠራሽ ቧንቧ በአብዛኛው ከዚሁ ጨርቅ ይሠራል።

ጨርቅን በተመለከተ የጋሞ አንባቢ ከማንም በላይ ያውቃል። ዶርዜ ሸማኔ ድሩን ወጥሮ ማጉን በመወርወሪያ ሲያሳልፍና ሲያጠብቅ፣ ጥብቅ ሽመና ውሃ እንደሚይዝ፣ የላላው እንደሚያሳልፍ በእጁ ያውቀዋል። የጨርቅ ቧንቧ ሠሪዎችም የገጠማቸው ይኸው ጥያቄ ነበር። በጠበቀ ሽመና የተሠራው ደም አያሾልክም፣ ግን ደረቅ ስለሆነ ለመስፋት ያስቸግራል፤ በሹራብ አሠራር የተሠራው ለስላሳ ነው፣ ግን ያሾልካል። ለኛ ጉዳይ ከዚህ የሚበልጠው ሌላ ነገር ነው። ሰውነት ጨርቁን ይሸፍነዋል፣ ጠባሳ ያለብሰዋል፤ ነገር ግን ሕያው አያደርገውም። ክሩ ውስጥ የሚዘዋወር ደም የለም። ደም በሌለበት ደግሞ ነጭ የደም ሴል አይደርስም፣ የተዋጠ ወይም በመርፌ የተሰጠ አንቲባዮቲክም በሚገባ አይደርስም። አንድ ባክቴሪያ ክሮቹ መካከል ገብቶ ከተጣበቀ፣ የሰውነት ዘበኞች ሊገቡበት የማይችሉት ቤት አገኘ ማለት ነው።

በቀን መቶ ሺህ ጊዜ

ሆዳችን ውስጥ ያለው አንጀት በአብዛኛው ልቅ ነው፤ ይንሸራተታል፣ ይገላበጣል፣ ሲገፉት ይሸሻል። የትንሹ አንጀት መነሻ የሆነው ዱዎዲነም ግን እንደዚያ አይደለም። ከጨጓራ ወጥቶ ሲታጠፍ ከጀርባ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል፤ ሦስተኛው ክፍሉ ደግሞ አኦርታውን ከፊት አቋርጦ ያልፋል። በላዩ ሌላ የደም ቧንቧ ያልፍበታል፣ ከሥሩ አኦርታው ይመታበታል፤ መሸሻ የለውም። አኒዩሪዝም ሲጠገን አዲሱ ቧንቧ ከቀድሞው አኦርታ ጋር የሚሰፋበት የላይኛው ስፌት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ቦታ ሥር ወይም ከጎኑ ይውላል። ከጥገና በኋላ ከሚፈጠሩት የአኦርታና የአንጀት ፊስቱላዎች ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት ዱዎዲነም ላይ የሚገኙት በአጋጣሚ አይደለም።

አሁን የልብ ምትን እናስላ። በደቂቃ 70 ጊዜ የሚመታ ልብ በቀን 100,800 ጊዜ ይመታል። በዓመት ከ36 ሚሊዮን ይበልጣል፤ በአምስት ዓመት ከ180 ሚሊዮን። በእያንዳንዱ ምት ደረቁ የጨርቅ ቧንቧና የስፌቱ ክር ለስላሳውን የአንጀት ጀርባ አንዴ ነካ ያደርጉታል። አንዱ ንክኪ ከምንም አይቆጠርም። የላንቴ ሙዝ አምራች ከጋሞ ደጋ የሚወርደውን ውሃ በቦይ ወደ ማሳው ሲመራ የሚያየውን እንውሰድ። ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ የተሠራ ቦይ ለረጅም ጊዜ ይበረክታል፤ የአፈር ቦይም በየጊዜው ከተጠረገ ያገለግላል። ችግሩ ሲሚንቶው አልቆ አፈሩ በሚጀምርበት መጋጠሚያ ላይ ነው። ጠንካራው አይበላም፣ ለስላሳው ይበላል፤ ውሃው መጀመሪያ ትንሽ ይቦረቡራል፣ ቀጥሎ ከሥር ይሰረስራል፤ ከላይ የሚታይ ነገር ሳይኖር አንድ ጠዋት ቦይው አፍ ከፍቶ ይገኛል። የጨርቁና የሥጋው መጋጠሚያም እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ጀርሙ ይቀድማል ወይስ ጫናው?

በዚህ ላይ የቀዶ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩ ኖረዋል። አንደኛው ወገን ነገሩ ሁሉ ጫና ነው ይላል፤ ማስረጃውም ከላይ ያየነው ቦታ ነው። ፊስቱላው አንጀት በማይንቀሳቀስበትና ስፌት ባለበት መከማቸቱ የመፋተግ ምልክት ነው። ሌላው ወገን ጀርም ይቀድማል ይላል። የጨርቅ ቧንቧ ከሥጋ ጋር በየጊዜው እየተነካካ ለአሥርና ለሃያ ዓመት ያለ ችግር የሚኖርባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ጫና ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀዳዳው ብርቅ ባልሆነ ነበር። በተጨማሪ፣ ከደሙ በፊት ለሳምንታት ቀላል ትኩሳት፣ የጀርባ ሕመም፣ ድካምና ክብደት መቀነስ የነበረባቸው ሕመምተኞች አሉ፤ ይህ ቀስ እያለ የሚያመረቅዝ ኢንፌክሽን ምልክት ነው። ኢንፌክሽን ደግሞ ስፌቱን ያላላዋል፣ ከስፌቱ ጎን ትንሽ ከረጢት ያበጃል፣ ከረጢቱም አንጀቱን ይበላል።

በእኔ አመለካከት ሁለቱም ወገኖች የአንድ ክብ ሁለት ጎን ይዘው ነው የሚከራከሩት። ጫናው አንጀቱን ካሳሳው ባክቴሪያው በሳሳው ግድግዳ ሾልኮ ጨርቁ ላይ ይሰፍራል፤ ባክቴሪያው ከሰፈረ ግድግዳውን ይበልጥ ያሳሳዋል። ከየትኛውም ጫፍ ቢጀመር መድረሻው አንድ ነው። ክርክሩ ግን ከንቱ አይደለም፤ ሕክምናው ሁለቱንም ማንሣት እንዳለበት ያስተምራልና። ቀዳዳውን ብቻ ሰፍቶ የተበከለውን ጨርቅ እዚያው የተወ ሐኪም ነገሩን ለሌላ ቀን አሳደረው እንጂ አልጨረሰውም።

ቆሞ የሚያታልል ደም

አኦርታ የሚያህል ቧንቧ ወደ አንጀት ከተከፈተ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል ብለን ልንጠብቅ እንችላለን። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን እንደዚያ አይደለም፤ የዚህ ሕመም ልዩ ጠባይም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀዳዳ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነው። ደሙ ይፈሳል፤ ሰውየው ያስታውከዋል ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። ደም ሲጎድል ግፊቱ ይወርዳል፣ አንጀቱ በቀዳዳው ዙሪያ ይኮማተራል፣ ደሙ ረግቶ ቀዳዳውን ይወትፈዋል። መፍሰሱ ይቆማል። ሕመምተኛው ፊቱ ይመለሳል፣ ይበላል፣ «ተሻለኝ» ይላል። ከሰዓታት፣ ከቀናት፣ አንዳንዴ ከሳምንታት በኋላ ውታፉ ይነቀላል፤ ያን ጊዜ የሚመጣውን ደም ማስቆም አዳጋች ነው። ሐኪሞች የመጀመሪያውን «አስቀድሞ የሚናገር ደም» የሚሉት ለዚህ ነው።

ይህ ፋታ ስጦታም ወጥመድም ነው። ስጦታነቱ ጊዜ መስጠቱ ነው፤ ወጥመድነቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ሁሉ ረጋ ማለቱ ነው። በአገራችን ደም የሚያስታውክ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው የጨጓራ ቁስል ነው፤ ቀጥሎ በጉበት ሕመም ሳቢያ የጉሮሮ ደም ሥሮች ማበጥ። እነዚህ በእርግጥ እጅግ የተለመዱ ናቸው። ሕመምተኛው ራሱም «ጨጓራዬ ነው» ይላል፤ ቤተሰቡም። መድኃኒት ይታዘዛል፣ ደሙ ይቆማል፣ መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። በኢንዶስኮፒ ቢታይ እንኳ፣ መሣሪያው ጨጓራንና የዱዎዲነምን መጀመሪያ ብቻ አይቶ ከተመለሰ፣ ቀዳዳው ያለበትን ሩቁን ክፍል አይደርስበትም። ይባስ ብሎ ጨጓራ ላይ ትንሽ ቁስል ከተገኘ ፍለጋው እዚያ ያበቃል። ለዚህ ነው እንዲህ ባለው ሕመምተኛ ላይ በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሣ ሲቲ ስካን የሚመረጠው። አንባቢው ፊልሙን ቢያይ የሚያስፈራ ነገር ላይታየው ይችላል፤ ከጨርቁ ቧንቧ ጎን አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ትኖራለች። ጥቁሯ ነጥብ አየር ናት። ከቀዶ ጥገናው ወራት ካለፉ በኋላ በአኦርታ ዙሪያ አየር የሚገኝበት ምክንያት የለም፤ ከአንጀት ካልመጣ ወይም ጀርም ካልፈጠረው በቀር።

«ይህን ያህል ብርቅ ከሆነ…»

የመጀመሪያው ተቃውሞ ግልጽ ነው። ፊስቱላው የሚደርሰው ሆዳቸው ተከፍቶ አኦርታቸው ከተጠገነላቸው 1,000 ሰዎች ከ3 እስከ 20 ባሉት ላይ ነው። ወባ፣ ቲቢና የወሊድ ችግር ባለበት አገር፣ እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና በማይሠራበት በላንቴ ቀበሌ፣ የጤና ባለሙያ ጭንቅላት ውስጥ ለዚህ ቦታ መስጠት ትርፍ አይደለም? ተቃውሞው ክብደት አለው፤ የጤና ኬላ ሠራተኛ ቀኗን በብርቅዬ በሽታ ፍለጋ እንድታሳልፍ የሚጠይቅ ሰው ካለ ተሳስቷል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ መጠየቅ ያለበት በሌላ መንገድ ነው። ደም ካስታወካቸው ሰዎች ሁሉ መካከል ይህ ሕመም ያለበት ስንት ነው ብንል መልሱ ከምንም የማይቆጠር ነው። አኦርታቸው ተጠግኖ ደም ካስታወካቸው መካከል ስንት ነው ብንል ግን መልሱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ብርቅነት በሰው ብዛት ብቻ አይለካም፤ ሰውየው ይዞት በመጣው ታሪክም ይለካል። የሚጠየቀውም ውድ መሣሪያ አይደለም። ሸሚዝ ገልጦ ከደረት ሥር እስከ እምብርት በታች የወረደ ጠባሳ መኖሩን ማየት፣ ካለም «ምን ተሠርቶልዎት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዛሬ ባንኮክ፣ ሕንድ ወይም ቱርክ ሄዶ የሚታከም ሰው አለ፤ ውጭ አገር ኖሮ፣ እዚያ ተጠግኖ፣ ጡረታውን ይዞ ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመለስም አለ። ጥገናው የተሠራበትና ደሙ የሚታይበት ቦታ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ሊራራቅ ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል፦ ጥገናው እንዲህ ያለ ጣጣ ካለው ባይሠራስ? ይህ ስሌቱን መገልበጥ ነው። ሆድ ውስጥ የፈነዳ አኒዩሪዝም አብዛኞቹን የሚገድል ነው፤ ብዙዎቹ ሆስፒታል እንኳ አይደርሱም። ጥገናው ከዚህ የሚያድናቸው ሰዎች ፊስቱላ ከሚያጠቃቸው ጋር የሚነጻጸሩ አይደሉም። ሦስተኛው ተቃውሞ ቴክኒካዊ ነው። አርጀንቲናዊው ሁዋን ፓሮዲ በ1990 ቦነስ አይረስ ውስጥ ሆድ ሳይከፈት፣ በብሽሽት የደም ቧንቧ በኩል ቧንቧውን አስገብቶ አኦርታ ውስጥ የሚዘረጋበትን ዘዴ ጀመረ፤ ስፌት የለም፣ ጨርቁም ከአንጀት ጋር በቀጥታ አይነካካም። ታዲያ ችግሩ አላበቃም ወይ? ቀንሷል፣ ግን አላበቃም። ከዚህ ዘዴ በኋላም ፊስቱላ ታይቷል። የቀድሞው ያበጠ ከረጢት እዚያው ይቀራል፤ ደም እየሾለከበት ማበጡን ከቀጠለ፣ ወይም ጀርም ከገባበት፣ አንጀቱን መግፋቱ አይቀርም።

ሞራና መንገድ

መከላከያው የሚጀምረው በመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ላይ ነው። ሐኪሙ ያበጠውን የአኦርታ ከረጢት ቆርጦ አይጥለውም፤ እንደ ጋቢ አዲሱን ቧንቧ ይሸፍንበታል። ያ ካልበቃ ሞራ ያመጣል። ሞራ በግ ያረደ ሁሉ የሚያውቀው፣ አንጀትን የሚያለብሰው የስብ መረብ ነው፤ በደቡብ ኢትዮጵያ በብዙ አካባቢዎች ሽማግሌ ዘርግቶ የሚያነበው እሱ ነው። የቀዶ ሐኪም ሞራን የሚወደው በደም ሥር የበለጸገ ስለሆነ ነው። ጨርቁ የሌለውን፣ ማለትም ደም፣ ነጭ ሴልና የሚሸሽ ልስላሴ፣ በጨርቁና በአንጀቱ መካከል ያስገባለታል።

ፊስቱላው ከተፈጠረ በኋላ ሕክምናው ከባድ ነው። አንጀቱ ይሰፋል፣ የተበከለው ጨርቅ ይወጣል፣ ለእግሮቹ ደም ሌላ መንገድ ይበጃል፤ አንዳንዴ ከራሱ ከሕመምተኛው እግር በተወሰደ ደም መልስ፣ አንዳንዴ ከብብት እስከ ብሽሽት ከቆዳ ሥር በሚዘረጋ አዲስ ቧንቧ፣ የተበከለውን ቦታ ፈጽሞ በመዞር። ሕክምና አግኝተውም ከሦስቱ አንዱ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሞታሉ፤ ያላገኘ ግን ይሞታል ማለት ይቻላል።

ስለዚህ አንድ ሰው እንበል። ላንቴ የሚኖሩ የስድሳ ስምንት ዓመት አባት፣ ከስድስት ዓመት በፊት ውጭ አገር አኦርታቸው የተጠገነላቸው፣ ትናንት ማታ አንድ ሲኒ ያህል ደም አስታውኳቸው፣ ዛሬ ጠዋት ተሽሏቸው ተቀምጠዋል። እዚያ ያለ ባለሙያ ፊስቱላውን ሊጠግን አይችልም፤ አይጠበቅበትምም። ሊያደርግ የሚችለው ግን ብዙ ነው። ጠባሳውን አይቶ ይጠይቃል። «ተሽሎዎታል» ብሎ ወደ ቤት አይልካቸውም። በክንዳቸው መርፌ ያስገባል፣ ልጆቻቸው ደም ለመስጠት አብረው እንዲሄዱ ይነግራል። ሰውየው በአእምሯቸው ንቁ እስከሆኑ ድረስ የደም ግፊታቸውን በግሉኮስና በሳላይን ወደ ላይ አያሯሩጠውም፤ ግፊቱ በተነሣ ቁጥር ቀዳዳውን የወተፈው የረጋ ደም ይገፋልና። አርባ ምንጭ ላለው ሆስፒታል አስቀድሞ ይደውላል፣ ሆስፒታሉም በተራው የደም ቧንቧ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ወደ አዲስ አበባ እንዲደውል። በሪፈር ወረቀቱ ላይ «የጨጓራ መድማት» ብሎ ብቻ አይጽፍም፤ ከዚያ በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር፣ «አኦርታቸው በጨርቅ ቧንቧ የተጠገነ ነው» ብሎ ይጽፋል።